ተጠርጣሪው ራሱ ሲመሰክር

ኮምፒውተሩ ከወትሮው ዘግይቷል። ፍላሽ በተሰካ ቁጥር ፎልደሮቹ ሾርትከት ሆነው ይገኛሉ፤ ብሮውዘሩ ማንም ያልጠራውን ማስታወቂያ ይከፍታል። የቤቱ ባለቤት አንቲቫይረሱን ከፍቶ ሙሉ ስካን ያዛል። ከሰዓታት በኋላ አረንጓዴ ምልክት ይመጣል፤ ምንም ስጋት አልተገኘም። ቤተሰቡ እፎይ ብሎ ወደየሥራው ይመለሳል።

ይህን ቃል የሰጠው ግን ማን ነው? አንቲቫይረስ በአብዛኛው ዲስኩ ላይ ምን እንዳለ የሚያውቀው ዊንዶውስን ጠይቆ ነው። ዊንዶውሱ ራሱ ከተጠለፈ መልሱን የሚሰጠው ተጠርጣሪው ሆነ ማለት ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ከጥገና ባለሙያ ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ ፈላስፎችና ወደ ሃይማኖት አባቶች ጥያቄ ይሻገራል፤ መመርመሪያው ራሱ ሲጠረጠር እውነት በምን ይታወቃል?

ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1641 ባሳተመው የአስተንትኖ መጽሐፉ ይህንኑ ጥያቄ እስከ ጥጉ ገፍቶታል። አንድ ኃይለኛና ተንኮለኛ አታላይ የሰውን ዐይንና ጆሮ፣ ቁጥር መደመርን እንኳ ሳይቀር ቢያሳስትስ ብሎ ጠየቀ። መውጫ ያገኘው በመጀመሪያ እያሰበ ያለው እርሱ ራሱ መኖሩን በማረጋገጡ፣ ቀጥሎም እግዚአብሔር አታላይ ሊሆን አይችልም በማለቱ ነው። ለኮምፒውተር ይህ ሁለተኛው መውጫ ዝግ ነው። ሠሪዎቹ ሰዎች ናቸውና።

ሠሪ ሊያታልል እንደሚችል ደግሞ በተግባር ታይቷል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 2005 ማርክ ሩሲኖቪች የተባለ የዊንዶውስ ሊቅ በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ ያገኘውን ጉድ ለሕዝብ ይፋ አደረገ። የሠራው መሣሪያ አንድን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ይጠይቃል። መጀመሪያ ዊንዶውስን «ዲስኩ ላይ ምን ምን ፋይል አለ?» ይለዋል። ከዚያ ዊንዶውስን ወደ ጎን ትቶ የዲስኩን መዝገብ ራሱ ያነብባል። ሁለቱ መልሶች ሲተያዩ አልገጠሙም፤ ዲስኩ ላይ ተቀምጠው ሳለ ዊንዶውስ የማይናገራቸው ፋይሎች ነበሩ። ምንጫቸው ሲፈለግ በሕጋዊ መንገድ የተገዛ የሶኒ ቢኤምጂ የሙዚቃ ሲዲ ሆኖ ተገኘ። ኩባንያው ዘፈን እንዳይቀዳ ብሎ ያስገባው ፕሮግራም ራሱን ደብቆ፣ ስሙ በተወሰኑ ምልክቶች የሚጀምርን ማንኛውንም ፋይል ጭምር ይሰውር ነበር። ሌላ ተንኮለኛም በዚያው መሸሸጊያ መግባት ይችል ነበር። ከዚህ የከፋው ደግሞ ማስወገጃው ነው። ኩባንያው ለደንበኞቹ ያቀረበው የመጀመሪያው ማጥፊያ አዲስ ቀዳዳ እንደሚከፍት የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ኤድ ፌልተንና አሌክስ ሃልደርማን አሳዩ። ሲዲዎቹ ከገበያ ተሰበሰቡ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ነገር የሁለቱ መልሶች አለመግጠም ነው። አንዱ መልስ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬ እንኳ አይነሣም ነበር።

ከሁሉ የሚበልጥ አንቲቫይረስ ቢገኝ ችግሩ የሚፈታ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ፍሬድ ኮኸን ይህን ተስፋ በሒሳብ ዘጋው። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1983፣ ራሱን ወደ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚያባዛ ፕሮግራም ሠርቶ ሞከረ፤ መምህሩ ሌናርድ አድልማን «ቫይረስ» የሚለውን ስም አወጣለት። በአንዱ ሙከራ ቫይረሱ የኮምፒውተሩን ሙሉ ሥልጣን ለመያዝ 5 ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። የኮኸን ማስረጃ ግን ከሙከራው ይልቅ ያስገርማል። አንድም ጊዜ የማይሳሳት መርማሪ አለ እንበል። አንድ ተንኮለኛ ያንን መርማሪ በፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ ያስገባውና «እኔ ቫይረስ ነኝ?» ብሎ ያስጠይቀዋል። መርማሪው «አዎ» ካለ ፕሮግራሙ ምንም ሳያደርግ ይቀመጣል፤ «አይደለህም» ካለ ራሱን ያባዛል። ምንም ቢመልስ ተሳስቷል። ፍጹም መርማሪ ሊኖር አይችልም ማለት ነው፤ ይህም የገንዘብ ወይም የብልሃት እጥረት ጉዳይ አይደለም።

ታዲያ ሰው ከራሱ ጋር ባለው ጉዳይስ? ቤተ ክርስቲያን ምእመኑን የነፍስ አባት ያዝ የምትለው፣ በገዳምም ጀማሪው መነኩሴ ሐሳቡን ሳይደብቅ ለመምህሩ እንዲገልጥ የሚታዘዘው፣ ይህንኑ ጉድለት አይታ ነው። ሕሊናው የደነደነ ሰው ራሱን ሲመረምር የሚመረምርበት ያው የደነደነው ሕሊና ነው፤ ስለዚህ ነጻ ሆኖ ይወጣል። ከውጭ የሚያይ ዐይን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል በዘርአ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው ሐተታ ቆሞ ይሟገታል። ጸሐፊው ማን እንደሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ ክርክሩ ግን ጠንካራ ነው። የውጭ ምስክር ሁሉ የየራሱን ሃይማኖት እውነት ነው ይላል፤ ሰዎች በእግዚአብሔር ስም እንኳ ይዋሻሉ፤ እንግዲህ እውነትን የሚለየው ፈጣሪ ለእያንዳንዱ ሰው የሰጠው ልቡና ነው ይላል። የሶኒ ማጥፊያ ለዚህ አባባል ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ልርዳ ብሎ የመጣው የውጭ ምስክር ራሱ ጎድቷልና። «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተወርሯል፣ እዚህ ይጫኑ» እያለ የሚጮኸው መስኮትም አብዛኛውን ጊዜ ሌባው ራሱ ነው።

ሁለቱ አቋሞች የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ አይጣሉም። ሩሲኖቪች ያደረገውን ልብ ማለት ይበቃል። ዊንዶውስን ብቻ አላመነም፣ ሁለተኛውንም ምስክር በጭፍን አልተቀበለም። ልቡናው የሠራው ሥራ ሁለቱን ማስተያየትና «ለምን አልገጠሙም?» ብሎ መጠየቅ ነበር። ውጫዊ ምስክር ከሌለ ልቡና የሚያስተያየው ነገር የለውም፤ ልቡና ከሌለም ምስክር ቢበዛ ጥቅም የለውም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ ኪዳኔ በሚል የሽፋን ስም፣ የኢትዮጵያን መንግሥት በዋሽንግተን ፍርድ ቤት ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤቱ ኮምፒውተር ላይ በኢሜይል በመጣ የዎርድ ሰነድ ተሸሽጎ ፊንስፓይ የተባለ ሰላይ ፕሮግራም ገብቶ ነበር። ለወራት የስካይፕ ንግግሩን ቀዳ፤ ልጁ ለትምህርት ቤት የቤት ሥራ ኢንተርኔት ላይ የፈለገውን እንኳ መዘገበ። የቶሮንቶው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በማርች 2013 ስለዚሁ ሰላይ ፕሮግራም ዘገባ ባወጣ በቀናት ውስጥ ፕሮግራሙ ራሱን ለማጥፋት ሞከረ፤ ግን አጥርቶ ሳያጠፋ ዱካው ቀረ። ዱካውን ያገኙት ኮምፒውተሩን የመረመሩ ባለሙያዎች ናቸው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም በማለት፣ ፍሬ ነገሩን ሳይመረምር የክሱን መዘጋት አጸና። በዚያ ቤት ለወራት የነበረው ጸጥታ የንጽሕና ማስረጃ አልነበረም።

መጨረሻ የሌለው ጥርጣሬ ግን ሰውን ያሽመደምዳል። ፎርማት ማድረግ እንኳ የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ኢሴት የተባለው ኩባንያ ያጋለጠው ሎጃክስ የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም በማዘርቦርዱ ላይ ተደብቆ፣ ሃርድ ዲስክ ቢቀየር እንኳ ይመለስ ነበር። እንዲህ ያለው ግን የተመረጡ ዒላማዎችን የሚያጠቃ ብርቅ መሣሪያ ነው። ለአንድ ተራ ቤት ጥርጣሬ የሚቆምበት በቂ ቦታ አለ፤ ቦታውን መምረጥ ያለበትም ባለቤቱ ራሱ አውቆ ነው እንጂ አረንጓዴ ምልክት አይደለም።

ኮምፒውተራችሁን ከጠረጠራችሁ እንግዲህ እርሱን ብቻ አትጠይቁ። ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን የተባለው ምርመራ ማሽኑን አስነሥቶ ከተለመደው ዊንዶውስ ውጭ ሆኖ ይፈትሻል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ነው የሚፈጀው። ጥርጣሬው ካልለቀቃችሁ ፎቶና ሰነዶቻችሁን በሌላ ቦታ አስቀምጡ፤ በሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ላይ በተዘጋጀ ፍላሽ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫኑ። አንቲቫይረስ አጥፉ የሚል ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ተመልሶ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። የኢሜይልና የባንክ የይለፍ ቃላችሁንም በዚያው በተጠረጠረው ማሽን ሳይሆን በሌላ መሣሪያ፣ ዛሬውኑ ቀይሩ።