ጥርስ ባዳ ነውን?

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ልብ እያረረ ጥርስ ይስቃልና! ተረቱ ስለ ሐዘን ቢሆንም፣ እኔ ግን የጤና ባለሙያዎቻችንን ትምህርት ባሰብኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ሐኪም ዘንድ ቀርባችሁ «አፍዎን ይክፈቱ፤ አ...ይበሉ» ሲሏችሁ ልብ ብላችኋል? ባትሪው የሚበራው ጉሮሮ ላይ ነው። ጥርስና ድድ እንደ በር መቃን ይታለፋሉ። ሐኪሙ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ «ይሄ የጥርስ ሐኪም ጉዳይ ነው» እየተባለ ስላደገ እንጂ። ልዩነቱም ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1840 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ባልቲሞር ላይ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ለብቻው ሲከፈት ሙያው የራሱን አጥር አጠረ። በአጥሩ ውስጥ ማደጉ አይካድም። የሰው አካል ግን በአጥር አይከፈልም።

ኖማ የሚባለውን በሽታ እንውሰድ። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ድድ ላይ በቁስል ይጀምርና ጥቂት ቀናት ውስጥ ጉንጭ ይበላል። ገና ድድ ላይ ሳለ ከታየ ግን በተራ አንቲባዮቲክ፣ በአፍ ንጽሕናና በምግብ ይድናል። ታዲያ ያንን ሕፃን መጀመሪያ የሚያየው ማን ነው? የጥርስ ሐኪም አይደለም። ነርሷ ናት፤ ጤና መኮንኑ ነው፤ በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ክብደቱን ይመዝናሉ፣ የክንዱን ውፍረት ይለካሉ። ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ማየት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው ገና ያልበቀለ የወተት ጥርሱን በባህላዊ መንገድ የሚያስነቅሉ እናቶችም አሉ። «እህቴ፣ ይሄ የሚበቅል ጥርስ ነው፤ እንዳታስነኪው» ለማለት ስፔሻሊስት መሆን አያሻም። መማር ግን ያሻል።

«ሥርዓተ ትምህርቱ ሞልቷል» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። ግን ነርሷ ጥርስ ትንቀል ያለ የለም። ትይ፣ ትለይ፣ ትምከር፣ ወደሚመለከተው ትላክ ነው ጥያቄው።

እንግዲህ የሞራሉ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው፤ ያልተማሩትን አለማወቅ ጥፋት ነው? ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የተማሪዎቼን የተንጋደደ ዓረፍተ ነገር እያየሁ «ይሄ የሰዋስው መምህሩ ሥራ ነው» ብዬ አልፍ ነበር። እሱም ወደ እኔ ይጠቁማል። ልጁ ከሁለታችን መካከል ወድቆ ቀረ። ሁለታችንም የየድርሻችንን አስተምረናል፤ ጥፋተኛ ቢፈለግ አይገኝም፤ ተጎጂው ግን አለ።

ነርሷን «ለምን አላየሽም?» ብሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ምን እንደሚታይ ያላሳያት አስተማሪ፣ ሥርዓተ ትምህርቱን የነደፈው ኮሚቴና ጉዳዩን ለሌላ ክፍል ያስተላለፈው ኃላፊ ናቸው መጠየቅ ያለባቸው። አለማወቅ ይቅር ይባላል። ሌላው እንዳያውቅ አድርጎ ማስመረቅ ግን እንዴት ብሎ ይቅር ይባላል?

ጥርስ ለልብ ባዳ ከሆነ ይሁን። በሚቀጥለው ጊዜ ባትሪው ሲበራ ግን፣ ዓይን ጉሮሮ ከመድረሱ በፊት መንገድ ላይ ቆም ቢል ምናለበት?