ከፈቃዱ ወረቀት በፊት ጆሯችሁን አሠልጥኑ

ልጆቼ፣ በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስዳችሁ ውጤት የምትጠባበቁ፣ ዛሬ ስለ አንድ ሙያ ላጫውታችሁ። የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ይባላል፤ ብዙ ሰው ስፒች ቴራፒ ብሎ ይጠራዋል። በከተሞቻችን ፈላጊው ብዙ፣ ባለሙያው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ስትሮክ መትቷቸው የገዛ ልጃቸውን ስም እያወቁ መጥራት ያቃታቸው አባት ይፈልጉታል። በመኪና አደጋ ጭንቅላቱ የተጎዳ ሾፌር፣ ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን፣ ሦስት ዓመት ሞልቶት «እማ» ያላለ ልጅ፣ ስለምትንተባተብ ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት የፈራች ተማሪ፣ ሁሉም ይፈልጉታል። ሰፈሩ ግን «ኮልታፋ ነው»፣ «ዲዳ ናት» ብሎ ያልፋቸዋል። ልጃቸውን እንጥል ወደሚቆርጥ ሰው የሚወስዱ እናቶችም አሉ። እንጥል መቁረጥ ንግግር አያመጣም፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ግን ያመጣል። ይህን ሳታፍሩ ተናገሩ፤ እናቲቱን ግን አትቆጡ። የምታውቀውን መፍትሔ ሁሉ ለልጇ ስትሞክር የከረመች ሴት ናት።

ወደ መንገዱ ልምጣ። የመጀመሪያ ዲግሪውን የሚሰጠው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ስለዚህ ምርጫ ስትሞሉ የጤና ትምህርቶቹን ዝርዝር እስከ ታች አንብቡ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ ማንኛውም ተመራቂ የመውጫ ፈተና ይጠብቃችኋል። ዲግሪ ብቻውን ግን በሽተኛ ፊት አያስቀምጥም፤ በጤና ቢሮ ተመዝግባችሁ የሙያ ፈቃድ ማውጣት አለባችሁ። ፈቃዱም አንዴ ወጥቶ የሚሰቀል አይደለም፤ ሲፒዲ የሚባለውን ተከታታይ ሥልጠና እየወሰዳችሁ ታሳድሱታላችሁ። ውጭ አገር ለመሥራት የምታስቡ ደግሞ ይህን ያዙ፦ አሜሪካ ውስጥ ማስተርስ ዲግሪና ቢያንስ 400 ሰዓት የክሊኒክ ልምምድ ይጠየቃል፤ ከዚያም በላይ በሌላ ባለሙያ ክትትል ሥር 36 ሳምንት መሥራት አለ። ይህን ያህል ሰዓት የሚጠይቁት ሙያው ከመጽሐፍ ይልቅ ከሰው ፊት ተቀምጦ የሚለመድ ስለሆነ ነው።

እኔ አጥብቄ የምመክራችሁ ግን ሌላ ነው፤ ጆሯችሁን አሠልጥኑ። እናንተ ያደጋችሁት አፋን ኦሮሞና አማርኛ በአንድ ግቢ በሚነገርበት አገር ነው። በአፋን ኦሮሞ ለፈ ማለት መሬት ነው፤ አናባቢዎቹ ሲረዝሙ ላፋ፣ ለስላሳ ማለት ይሆናል። በአማርኛ ገና ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ ገና ያልደረሰ ነገር። አናባቢ የማያስረዝም ወይም ተነባቢ የማያጠብቅ ልጅ ሲመጣላችሁ የትኛው ቋንቋ ላይ ምን እንደጎደለው መለየት የምትችሉት እናንተ ናችሁ። በተቃራኒው ደግሞ ፐ፣ ቨ እና ዘ ለአፋን ኦሮሞ መጤ ድምፆች ናቸው። ቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር ልጅ ፖሊስን «ቦሊስ» ቢል ሕመም የለበትም። ፀሐይን «ጠሐይ» የሚለውም እንዲሁ፤ ግማሽ አገር እንዲያ ይላል። ጤነኛውን ልጅ በሽተኛ ብሎ መመዝገብ ከባድ በደል ነው። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የተዘጋጀ መመርመሪያን ቃል በቃል ተርጉሞ መጠቀም ደግሞ ወደዚሁ በደል ይወስዳል።

አንድ ነገር ከቅርብ ላሳያችሁ። ላንቃው የተሰፋለት ልጅ መጣ እንበል። ትንሽ መስታወት ከአፍንጫው ሥር ትይዙና «ፓ፣ ፓ፣ ፓ» በል ትሉታላችሁ። መስታወቱ በእንፋሎት ከደበዘዘ አየሩ በአፍ መውጣት ሲገባው በአፍንጫ እያመለጠ ነው። «ማ» ሲል ቢደበዝዝ ግን ትክክል ነው፤ ማ የአፍንጫ ድምፅ ነውና። የካቲት 12 ሆስፒታልን በመሰሉ ቦታዎች የተሰነጠቀ ላንቃ በቀዶ ጥገና ይዘጋል። አፉ ለዓመታት የለመደውን ልማድ የሚያስተወው ግን የእናንተ ሥራ ነው። የሚያመልጠው አየር ብዙ ከሆነ ወደ ቀዶ ሐኪሙ መልሳችሁ ትልኩታላችሁ።

የስምጥ ሸለቆ ልጆች ጥርስ ስለሚበልዝም እንዳትሳሳቱ። እሱ ከጉድጓድ ውኃው ፍሎራይድ የመጣ ነው። ልጁ አፍሮ አፉን በእጁ ሸፍኖ ያናግራችሁ ይሆናል፤ የንግግሩ ችግር ግን ከጥርሱ ቀለም አይመጣም። ሳይናገር የዘገየ ልጅ ሲመጣ ከሁሉ በፊት ጆሮው መስማቱን አስመርምሩ።

ሙያው መዋጥንም ይጨምራል። ስትሮክ የመታውን ሰው አስተኝቶ ውኃ ማጠጣት ውኃውን ወደ ሳንባው ሊልከው ይችላል። ቀጭን ውኃ የሚያንቀው ሰው ወፈር ያለ አጥሚት በደህና የሚወርድለት ጊዜ አለ፤ ይህን የሚወስነው መርምሮ ያየ ባለሙያ ነው። እኔን ከንግግሩ ይልቅ ይህ ያስጨንቀኛል፤ እዚህ ላይ ስሕተት ነፍስ ያጠፋል።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስን አስታውሱ። የሙያው ሰው ሳትሆን፣ ልጇ ኦቲዝም ስላለበት ተነስታ ኒያ ፋውንዴሽንንና የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሠረተች። በፊደላችን ድምፆች ላይ የቆመ አቡጊዳ ፎኔቲክስ የተባለ የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጀች። በ2013 ዓ.ም. አረፈች። አንዲት እናት ይህን ያህል ከጀመረች፣ ተምራችሁ የምትወጡት እናንተ በአፋን ኦሮሞ የሚያስፈልገውን ልታዘጋጁ ይገባል።

ውጤት እስኪወጣ ደብተር ያዙ። የጎረቤት ትንንሽ ልጆች በስንት ዓመታቸው ረን፣ ቀን፣ ጨን አጥርተው እንደሚሉ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹም የራሳቸውን ድምፆች መቼ እንደሚይዙ ጻፉ። ዕድሜያቸውንና ቤት ውስጥ የሚነገረውን ቋንቋ ከጎኑ አስፍሩ።