የሚያሰክር ዕፅ ለሕመምተኛ ሊሰጥ ይገባልን?

ሰው የራሱን ሕመም ሲመዝን ሚዛኑ ይከብድበታል፤ የባልንጀራውን ሲመዝን ግን ይቀልለታል። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚለው ተረት የተነገረውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ አንድ መድኃኒት ይፈቀድ ወይም ይከልከል ብሎ ሊፈርድ የሚቀመጥ ሰው፤ አስቀድሞ ወደ ሕመምተኛው አልጋ ቀርቦ ማየት ይገባዋል።

በሰሜን ጎንደር ደጋ አንዱ ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ ወድቆ፤ ሌላው በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ መኪና ተገልብጦበት፤ ሌላውም በጥይት ተመቶ ኅብለ ሰረሰሩ ይጎዳል። ዘመዶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ከመኪና መንገድ ያደርሱትና ወደ ጎንደር ሐኪም ቤት ያመጡታል። በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተመሠረተበት ይህ ስፍራ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሆኗል። ሐኪሙ የተሰበረውን አጥንት ሊያጸናለት ይችላል፤ የተጎዳውን ኅብለ ሰረሰር ግን እንደ ቀድሞው የሚመልስ መድኃኒት እስከ ዛሬ በዓለም ሁሉ አልተገኘም።

ከዚህም በኋላ በሽተኛውን ሁለት መከራዎች ይከተሉታል። አንደኛው የጡንቻ መኮማተር ነው፤ ይኸውም እግሩ ሳያዝዘው ይወጣጠራል፣ ይንዘፈዘፋል፣ ሌሊት ከእንቅልፉ ያነቃዋል። ሁለተኛው የነርቭ ሕመም ነው፤ መርፌ ቢወጉት የማይሰማው እግር እንደ እሳት ሲያቃጥለው ያድራል። ያየው ሰው «እግሩ ደንዝዟል፤ ምን ያመዋል?» ይላል፤ እርሱ ግን በደነዘዘው እግሩ ይሠቃያል። ለእነዚህም ባክሎፌን፣ ጋባፔንቲንና አሚትሪፕቲሊን የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ብዙዎችን ይረዳሉ፤ ሁሉን ግን አያሳርፉም። ክርክሩ የሚነሣው እነዚህ መድኃኒቶች ላላሳረፉት ሰው ነው።

ካናቢስ የሚባለው፣ በተለምዶ ሐሺሽ የሚሉት ዕፅ፣ ለዚህ ሰው ተጨማሪ ሕክምና ሊሆን ይችላልን? አሳቡ አዲስ አይደለም። ኦሾነሲ የሚባል አየርላንዳዊ ሐኪም በ1839 እ.ኤ.አ. በካልካታ ስለዚህ ዕፅ ሲጽፍ፤ በመንጋጋ ቆልፍ በሽታ የሚመጣውን የጡንቻ መወጣጠር እንደሚያላላ አስታውቋል። በ1964 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጋኦኒና መሹላም የሚባሉ ሊቃውንት የሚያሰክረውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። በኋላም ይህን ንጥረ ነገር የሚቀበል ተቀባይ በሰው አንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ እንዳለ ታወቀ።

በዚህ ነገር ላይ ሦስት መቃወሚያዎች ይነሣሉ።

ፊተኛው «ዕፁ ራሱ ክፉ ነው» የሚል ነው። በቀድሞው በጌምድር ግዛት በጣና ሐይቅ አካባቢ ላሊበላ ዋሻ ከሚባል ስፍራ (ይህ የላስታው ላሊበላ አይደለም) የሸክላ ጋያ ራሶች ተቆፍረው ወጥተዋል፤ በ1975 እ.ኤ.አ. በታተመው ምርመራም የካናቢስ ቅሪት ተገኝቶባቸዋል፤ ዘመናቸውም 13ኛው ወይም 14ኛው መቶ ዓመት ነው ተብሏል። ይህን ጋያ የያዘው ሰው ሕመሙን ሊያስታግሥበት ይሆን ወይስ ሊሰክርበት? ሸክላው አይመሰክርም። ስለ ምን ቢሉ፤ በጎነትና ክፋት ያሉት በሰጪው አሳብ፣ በተቀባዩ ችግርና በልኩ ነው እንጂ በቅጠሉ አይደለም። ሐዋርያው ስካርን የከለከለበት ብዕር ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን አዝዞለታል።

ሁለተኛው «መከራን በትዕግሥት መቀበል ይሻላል» የሚል ነው። ጌታ በተሰቀለ ጊዜ ከርቤ የተቀላቀለበትን ወይን አልቀበልም ማለቱን ይጠቅሳሉ፤ ያ መጠጥ ሕመምን እንዲያደነዝዝ ይሰጥ ነበርና። ነገር ግን ለራሱ መከራን የመረጠው እርሱ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛውን መፃጉዕ «ታገሥ» ብሎ አልተወውም። ትዕግሥት ሕመምተኛው በፈቃዱ የሚያቀርበው መሥዋዕት ነው፤ ጤነኛው በሕመምተኛው ላይ ሲጭነው ግን ጭካኔ ይሆናል።

ሦስተኛው መቃወሚያ ከሁሉ ይከብዳል፤ «ለአንዱ ሕመምተኛ የተከፈተ በር ለብዙ ወጣት መጥፊያ ይሆናል» ይላል። የኢትዮጵያ ሕግ ይህን ፍርሃት ተቀብሎታል፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አደንዛዥ ዕፅን ማምረትን፣ መነገድንና መጠቀምን ይቀጣል። ሕግን ማክበር ግዴታ ነው፤ ማንም ሰው ምሕረትን ምክንያት አድርጎ በጓሮው እንዲዘራ አልተፈቀደለትም። ቢሆንም የ1961 እ.ኤ.አ. የዓለም ስምምነት አደንዛዥ ዕፆችን ሲቆጣጠር፤ ሕመምን ለማስታገሥ የሚሰጡት ጥቅም ሊቀር እንደማይገባ በመግቢያው አስታውቋል። ከኦፒየም የሚወጣው ሞርፊን ለዚህ ምሳሌ ነው፤ ያለ ልክ ቢወሰድ ይገድላል፤ በሐኪም እጅ ግን የሚያጣጥረውን ያሳርፋል። በ2020 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን በ27 ድምፅ ለ25 ካናቢስን እጅግ ጥብቅ ከሆነው አራተኛ ሰንጠረዥ አውጥቶታል፤ በአንደኛው ሰንጠረዥ ያለው ቁጥጥር ግን እንደ ጸና ነው። እንግዲህ በሩን መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ በሩን ግንብ አድርጎ መድፈን ሌላ ነገር ነው።

ሦስቱ መቃወሚያዎች ቢመለሱም አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ መድኃኒቱ በእውነት ይረዳልን? በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ ምርመራ የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ወይም ሕመም ያለባቸው 42 ሰዎች የዕፁን እንፋሎት ስበው የነርቭ ሕመማቸው ቀሎላቸዋል፤ የታየው ግን ለጥቂት ሰዓታት ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመ የካናዳ ምርመራ ናቢሎን የሚባለው ክኒን የጡንቻን መኮማተር ቀንሷል፤ እስከ ፍጻሜው የቆዩት ግን 11 ሰዎች ብቻ ናቸው። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ትንሽ ምርመራ ደግሞ ተመሳሳይ መድኃኒት ለሕመሙ ብልጫ እንዳልነበረው ገልጧል። ጉዳቱም አይሸሸግም፤ ራስን ያዞራል፣ ማስተዋልን ያደክማል፣ አንዳንዱን ለአእምሮ ሕመም ወይም ለሱስ ያጋልጣል። ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ቀና ሲል የደም ግፊቱ ስለሚወርድ መዞሩ ይብስበታል፤ አንገቱ የተጎዳም ደኅና አድርጎ ማሳል ስለማይችል ጭሱ ሳንባውን ይጎዳዋል።

ስለዚህ ምሕረትና እውነት መለያየት የለባቸውም። «ይህ ዕፅ ያስነሣሃል» ብሎ ለሽባው የሚሸጥ ሰው ከተስፋው የሚሰርቅ ሌባ ነው፤ «ይህ ዕፅ ርኩስ ነው» ብሎ ሳይመረምር የሚያባርርም ከዕረፍቱ የሚሰርቅ ሌባ ነው። ትክክለኛው መንገድ በሕግ ተፈቅዶ፣ በሊቃውንት ተመርምሮ፣ በሐኪም እጅ በልክ ተሰፍሮ ይሰጥ እንደ ሆነ በጸጥታ መመርመር ነው።

ደግሞም ተጨማሪ ሕክምና የሚባለው ዋናው ሲኖር ነው። የአልጋ ቁስል፣ የሽንት ፊኛ መመረዝና የሆድ ድርቀት የጡንቻውን መኮማተር ያብሱታል፤ ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ የሚያገላብጠው እጅ፣ ንጹሕ የሽንት ቱቦ፣ ለስላሳ መቀመጫ፣ ተሽከርካሪ ወንበርና እግሩን የሚያፍታታለት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከማናቸውም ዕፅ ይቀድማሉ። እነዚህን የሚከለክል ሕግ የለም፤ ብዙ ጊዜ የሚከለክላቸው የባልንጀራ ቸልታ ነው። መፃጉዕም ሲጠየቅ መጀመሪያ የተናገረው ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነበር። በደባርቅና በዳባት ደጃፍ የተኛውም ሰው ስለ ዕፁ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው፤ ሰው።