ከጠዋት እስከ ማታ የቆመ ሰልፍ

የሳምንቱ ንባብ፦ ዘጸአት 18፥13–27፤ መሳፍንት 9፥1–21



በዚህ ሳምንት የምናስበው ጥያቄ ይህ ነው፤ ደግ መሪ ልማዱን መለወጥ ለምን ይከብደዋል? ክፉውን መሪ ለጊዜው እንተወው፤ ስለ እሱ ማውራት ለማናችንም አይከብድም። መሪ ስንልም የግድ ባለ ማኅተሙን ማለታችን አይደለም። እዚህ ካኩማ የቧንቧ ቁልፍ የያዘ መሪ ነው። ስም መዝጋቢው መሪ ነው። የመዘምራን ኃላፊውም፣ ራሽኑን እስከ ወር መጨረሻ የምታብቃቃ እናትም መሪዎች ናቸው።

እስቲ ሙሴን እንመልከት። ሙሴ ተቀምጦ ይፈርዳል፤ ሕዝቡ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ ይጠብቃል። ሰልፍ ማለት ነው። ሰልፍ ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። ሙሴ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም ሰልፉ የረዘመው፤ እንዲያውም ትጉህ ስለሆነ ነው። ጉቦ አይበላም፣ ሰው አያዳላም፣ ሥራ አይጠላም። ችግሩ ሁሉም ነገር በእሱ እጅ ብቻ ማለፉ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎዳን ልማድ እንዲህ ያለው ነው፤ ሲጀመር በጎ ነበር። ሰው ክፉ ልማዱን ቢያንስ ያፍርበታል። በበጎ የጀመረውን ልማድ ግን ይመሰገንበታል፤ ስለዚህ ማን ይነካዋል?

የነካው አማቱ ዮቶር ነው። ዮቶር እንግዳ ነው፣ የምድያም ካህን ነው፣ እስራኤላዊም አይደለም። ግን ያደረገውን ተመልከቱ። መጀመሪያ የሚሆነውን አየ። ቀጥሎ ሙሴን ራሱን ጠየቀው፤ ወጥቶ በየድንኳኑ አላማውም። ከዚያ ሙሴም ሕዝቡም እንደሚደክሙ ነገረው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኛ ወይ ለመሪው አዝነን ሕዝቡን እንወቅሳለን፣ ወይ ለሕዝቡ አዝነን መሪውን እንወቅሳለን። ዮቶር ለሁለቱም አዘነ። በመጨረሻም «ተው» ብሎ ብቻ አልሄደም፤ በልማዱ ቦታ የሚተካ ነገር ሰጠው። እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ እውነተኞች፣ የግፍ ጥቅም የሚጠሉ ሰዎች ተመርጠው በሺህ፣ በመቶ፣ በአምሳ፣ በአሥር ላይ እንዲሾሙ መከረው። ባዶ ቦታ ከተተወ የድሮው ልማድ ተመልሶ ይገባበታል።

«ታዲያ እኛ ዮቶር የለንም፤ ለአለቃ ማን ደፍሮ ይናገራል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ አገራችን «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ሲል የኖረ አገር ነው። መክሰስ ያልቻለ ሕዝብ ግን መቀለድ ይችላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት የቤተ ክህነት ሊቅ አለቃ ገብረ ሃና እስከ ዛሬ በሁላችን አፍ ያሉት በሊቅነታቸው ብቻ አይደለም፤ በቀልዳቸው ነው።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ያውቃል። አቤሜሌክ ወንድሞቹን ገድሎ ሲነግሥ፣ ያመለጠው ትንሹ ኢዮአታም ገሪዛን ተራራ ላይ ወጥቶ ተረት ተረተ። ዛፎች ንጉሥ ፈለጉ። ወይራው ዘይቴን ትቼ አልነግሥም አለ። በለሱም፣ ወይኑም እንቢ አሉ። በመጨረሻ እሾሁን ቢጠይቁት፣ ኑና ከጥላዬ በታች ተጠለሉ አላቸው! ኬንያውያን ማቴንጌ የሚሉትን እሾህ የምታውቁ፣ በቀትር ፀሐይ ለመጠለል ከሥሩ ለመግባት ሞክሩና ንገሩን። የሴኬም ሰዎች ሲሰሙት ሳይስቁ አልቀሩም ብዬ አስባለሁ።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ የኢዮአታም ቀልድ አቤሜሌክን አልለወጠውም። ሦስት ዓመት ገዛ፤ መጨረሻውም ከግንብ ላይ አንዲት ሴት በጣለችበት የወፍጮ መጅ ሆነ። ቀልድ እሾህን ወይራ አያደርግም። ለሚሰሙት ማስጠንቀቂያ ነው፤ ለመሪው መድኃኒት የሚሆነው ግን መሪው ራሱ አብሮ መሳቅ ሲችል ብቻ ነው።

በአንድ ብሎክ ያየሁትን ልንገራችሁ። የቧንቧው ቁልፍ ያለው አንድ ታማኝ ሰው ጋ ብቻ ነበር። እሱ ወባ ከያዘው ጀሪካኖቹ ተሰልፈው ይውላሉ። አንድ ቀን አንዲት እናት «ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርህ፤ ግን አንተ ስትታመም ውሃውም አብሮህ ይታመማል እንዴ?» አለችው። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እሱም ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና ሳቀ። በዚያው ሳምንት ሁለተኛ ቁልፍ ተቀረጸ። ይህች እናት በሰውየው ዘር አልቀለደችም፣ በአነጋገሩ አልቀለደችም፣ በድህነቱም አልቀለደችም። መጀመሪያ ጸለየችለት፤ የቀለደችው በልማዱ ላይ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ሰውን የሚያዋርድ ሳቅ መሪውን ያደነድነዋል፤ ቁልፉን አጥብቆ እንዲይዝ ያደርገዋል። ልማዱን የሚያሳይ ሳቅ ግን እጁን ያላላለታል።

ሙሴም እጁ መላላቱ በኋላ ታይቷል። ኤልዳድና ሞዳድ በሰፈር ውስጥ ትንቢት ሲናገሩ ኢያሱ ለጌታው ቀንቶ «ከልክላቸው» አለ። ሙሴ ግን ሕዝቡ ሁሉ ነቢይ ቢሆን ደስ እንደሚለው ተናገረ። አያችሁ፤ መሪው ከተለወጠ በኋላ እንኳ የድሮውን ልማድ የሚጠብቁለት ተከታዮች አሉ። «ያለ እርስዎ አይሆንም» የምንል እኛው ነን።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ካኩማ በፈረንጆች 1992 ሲከፈት ለጊዜው ነበር። ብዙዎቻችን አሁንም «እስቲ ፕሮሰሱ ይለቅ፣ ከዚህ ስወጣ እስተካከላለሁ» እንላለን። ሙሴ ሰልፉን ያሳጠረው ተስፋይቱ ምድር ገብቶ አይደለም። በምድረ በዳ፣ በድንኳን ውስጥ፣ መቼ እንደሚደርስ ሳያውቅ ነው። ምድሪቱንም ከሩቅ አያት እንጂ አልገባባትም። ለዚያ ቀን ቢያቆየው ኖሮ ሕዝቡ አርባ ዓመት ሙሉ በሰልፍ በቆመ ነበር።

በየቤቱ ለመወያየት፦
1. በእኔ እጅ ብቻ ያለ ቁልፍ የትኛው ነው? ሁለተኛውን ለማን ልስጥ?
2. በዚህ ሳምንት የሳቅሁት በሰው ነው ወይስ በልማድ?

ጌታ የሚመክረንን ሰው፣ ምክሩንም የምንሰማበትን ልብ ይስጠን። አሜን።