ድካምሽን በዕቃው ዋጋ ውስጥ አትደብቂው

የክርስትና ልጄ፣ «ለሰው ዕቃ ገዝቼ ሳመጣ ስንት ልበል? ብዙ ብል ያሙኛል፣ ትንሽ ብል ከስሬ እመለሳለሁ» ብለሽ የጠየቅሽኝን ሳሰላስለው ሰነበትኩ። የሚመስለኝን ልንገርሽ።

እዚህ አምበር «ሂጂና ግዢልን» ማለት እንደ መላላክ ይቆጠራል። መላላክ ደግሞ ለልጅ የሚታዘዝ እንጂ ዋጋ የሚቆረጥለት ነገር ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ የሙሽራው ቤተሰብ ለጥሎሽ የሚሆነውን ብር በቴሌብር ይልክና «እግዜር ይስጥልን» ብሎ ያልፋል። ምርቃቱን አሜን ብለሽ ተቀበዪ። ግን በመኸር ጊዜ ወንፈል የገባ ሰው የሌላውን ማሳ ሲያጭድ የዋለበት ቀን በቀን ይመለስለታል፤ ጎረቤቱም «አስከፈለኝ» ብሎ አያማውም። ደጀንን አልፈሽ፣ የዓባይን በረሃ ወርደሽ ወጥተሽ አዲስ አበባ የምትደርሺበት ቀንም ቀን ነው። ዋጋ አለው።

እኔን የሚያሳስበኝ የክፍያሽ ማነስ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልመከርኩሽ ነበር። አፍረሽ ያልጠየቅሽውን በጓሮ በር መውሰድ እንዳትጀምሪ ነው የምሰጋው። ሽሮ ሜዳ ገብተሽ ተከራክረሽ፣ ከሱቁ ወጥተሽ ተጠርተሽ ተመልሰሽ፣ የሀበሻ ቀሚሱን በአምስት ሺህ ብር ጨረስሽ እንበል። ባለሱቁ የደረሰኙን ጥራዝ ገልጦ፣ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ፣ ቀና ብሎ «ስንት ብዬ ልጻፍልሽ?» ይልሻል። የለመደውን ነው የሚጠይቅሽ። ስድስት ብትዪው ስድስት ይጽፋል፤ አንዲቷን ሺህ ለማግኘት አንድ ቃል ይበቃል። «የከፈልኩትን ጻፍ» በዪው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚሉሽ ይኖራሉ። ተረት ሁሉ ምክር አይደለም፤ ይሄኛው ብዙ ሰው ያበላሸ ተረት ነው፣ ከእኔ አፍ አትሰሚውም። ልጅ ሱቅ ተልኮ መልሱን ሲያስቀር «ቀሸበ» ተብሎ ይሳቅበታል። አንቺ ስታደርጊው ግን ስምሽ አደራ በላ ነው፤ ስም ደግሞ ከመቃብር በላይ ይውላል።

ባለሱቁ «ሰው ስላመጣሽልኝ» ብሎ ከጎን ኮሚሽን ቢዘረጋልሽስ? ወይ ዋጋው ላይ ይቀነስ በዪና ለባለቤቱ አትርፊለት፣ ወይም ተቀብለሽ ለባለቤቱ ንገሪው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውክልና ሲደነግግ፣ ተወካይ ለወካዩ ጥቅም ብቻ እንዲሠራ፣ ሳያሳውቀውም ከጉዳዩ ለራሱ ጥቅም እንዳያገኝ፣ ሂሳቡንም እንዲያሳይ ያዛል። አባቶች «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ሲሉ የኖሩት ነው በሕግ የገባው።

አሁን ወደ ስሌቱ። ጓደኞችሽ «ከመቶ አሥር በዪና ተገላገዪ» ብለውሻል። ለጥሎሽ ግዢ አልወደውም። ሙያሽ ማስቀነስ ነው፤ ባስቀነስሽ ቁጥር ክፍያሽ ከቀነሰ በራስሽ ላይ ነው የምትከራከሪው። ደግሞም ወርቁን ተመልከቺ፤ አንድ ቀለበት በግማሽ ሰዓት ተመዝኖ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ከመቶው ግን ብዙ ያመጣልሻል። ድስቱና ሳህኑ ግን ቀኑን ሙሉ መርካቶ ለመርካቶ ያዞርሻል፣ ተሸካሚ ያስቀጥርሻል፣ በመኪና ላይ ያሳስብሻል፣ ከመቶውም ይህን አያክልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ምን ያህል እንደናረ አይተሻል። ዕቃው ስለተወደደ የአንቺ እግር ተጨማሪ መንገድ አልሄደም።

ስለዚህ በቀን ተመኚ። ትኬት፣ አልጋ፣ ምግብና ተሸካሚ ደርሶ መልስ 3,600 ብር ቢፈጅ፣ ሦስቱን ቀን በ1,000 ብር ብትቆርጪው 3,000፣ ድምሩ 6,600 ይሆናል። አኃዙ ለማስቆጠሪያ ያህል ነው፤ አንቺ የዘንድሮውን አስገቢበት። የሦስት ሙሽራ ትእዛዝ ይዘሽ ከሄድሽ ለእያንዳንዱ 2,200 ይደርሳል። አንድ ብቻ ከሆነ ወይ ሙሉውን ይክፈል፣ ወይም ሌላ ሰው እስኪገኝ ይታገስ። ጠንቃቃ ባለጉዳይ ራሱ ከሉማሜም ከደብረ ማርቆስም ሰው ፈልጎ ያመጣልሻል። ይህን ሁሉ ከመነሣትሽ በፊት ተናገሪ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የተባለው ለዚህ ነው። የዕቃውን ብር ደግሞ ቀድመው ይስጡሽ፤ «ስትመጪ እንከፍላለን» ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ለእያንዳንዱ ዕቃ «እስከዚህ ድረስ ግዢ» የሚል ጣሪያ አስቆርጪና በወረቀት ያዢው። ፎቶ በቴሌግራም ልኬ አስመርጣለሁ ትዪ ይሆናል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኢንተርኔት ሲቋረጥብን ግን ስልኩ ሁሉ ለመደወያ ብቻ ቀርቶ እንደነበር አትርሺ። መንገድ ተዘግቶ ብታድሪስ የአልጋው በማን ነው? እሱንም ተነጋገሩ፤ እኔ ግማሽ በግማሽ ይሁን ባይ ነኝ።

ዘመድ ሲመጣ ፊትሽ እንዳይጠቁር። መቀነስ ከፈለግሽ ሙሉ ዋጋውን ነግረሽ «ይህን ያህሉን ትቼልሻለሁ» በያት፤ የቀነስሽላት ስጦታ መሆኑን ትወቅ። ወላጅ የሌላት ሙሽራ ከሆነች የሌሎቹን ስትገዢ የእሷን በነፃ አምጪላት። ከአሜሪካ ሆኖ ለእናቱ ማኛ ጤፍና ለጋ ቅቤ ግዢልኝ የሚለውን ልጅ ግን «ዶላር አለው» ብለሽ እጥፍ እንዳትጠይቂው። እሱ የሚኖረው ሌሊት ሠርቶ ነው። ጤፉ እዚሁ ገበያ ነው፤ ግማሽ ቀን ከፈጀብሽ የግማሽ ቀን ያስከፍላል።

የቀረችው የልክ ነገር ናት። ቀሚሱ ጠቦ ወይም ጫማው ሰፍቶ የሚመለስበት ጊዜ አለ። የነገሩሽን ልክ ገዝተሽ ካልሆነ የመመለሻው ወጪ በእነሱ ነው፤ አንቺ ተሳስተሽ ከገዛሽ ግን ሳትከራከሪ ቻዪው። «ቁመቷ እንደ አንቺ ነው» የሚል ትእዛዝ አትቀበዪ። ሜትር ይዘሽ ሂጂና ሙሽራይቱን ራስሽ ለክተሽ፣ ቁጥሩን ከጣሪያው ዋጋ ጎን ጽፈሽ አስፈርሚያት።