መለኪያውን ማን ይለካዋል?

ሁለት የአማተር ሬዲዮ ወዳጆች በ14.2 ሜጋኸርዝ ተገናኝተው ያወጋሉ እንበል። በደንብ ይሰማማሉ። ታዲያ ድግግሞሻቸው ልክ ነው ማለት ነው? የለም! ሁለቱም እኩል ስተው ሊሆን ይችላል። መስማማትና ልክ መሆን ለየቅል ናቸው።

ሬዲዮው ውስጥ ድግግሞሹን የሚወስነው የኳርትዝ ክሪስታል ነው። ክሪስታል ሲሞቅ፣ ሲበርድና ሲያረጅ ይንሸራተታል። የሚገርመው ግን በራሱ ሲለካ ሁልጊዜ ልክ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው የውጭ ዳኛ ይፈልጋል፦ በኮሎራዶ ያለውን የአሜሪካ መንግሥት የጊዜ ጣቢያ፣ ደብሊው ደብሊው ቪን ያዳምጣል፤ ወይም ክሪስታሉን ከጂፒኤስ ሳተላይቶች የአቶም ሰዓት ጋር ያቆራኛል።

ነገሩ እዚህ ላይ አያበቃም። ከሳተላይቱ የሚደርሰው ምልክት በየሰከንዱ ትንሽ ይዋዥቃል። ክሪስታሉ እያንዳንዷን መዋዠቅ ልከተል ቢል አብሮ ይናወጣል። በመሆኑም መሣሪያው ለአጭር ጊዜ ክሪስታሉን፣ ለረጅም ጊዜ ሳተላይቱን ያምናል፤ እርማቱም ቀስ እያለ ይገባል።

እኛስ ህሊናችንን የምናስተካክለው በምንድን ነው? ባብዛኛው እርስ በርስ በመተያየት ነው። «ማን የማይበላ አለ?» የሚባልበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁሉም ተስማምቷል፤ ጉቦውም «ሻይ» ተብሎ ስሙ አምሯል። በየወሬው የሚወዛወዝ ህሊና እርግጥ ህሊና አይባልም፤ ጽናት ያስፈልገዋል። የሚያርመው ያጣ ጽናት ግን ግትርነት ነው።

የውጭ ዳኛ ለማግኘት ደግሞ ሰማይ ድረስ መውጣት አያስፈልግም። ከስምምነታችን ምንም የማያተርፈው፣ ይልቁንም ዕዳውን የሚከፍለው ባለጉዳይ ከመስኮቱ ማዶ ተሰልፏል። ቀስ ብለንም ቢሆን እሱን እንስማ።