የምጣዱ ምስክርነት

“የሚያጠግብ እንጀራ ከምጣዱ ያስታውቃል” ሲባል የማይገባው አበሻ የለም። ገና በልጅነቱ ጥያቄ የሚያበዛው፣ መጽሐፍ ከእጁ የማይለየው፣ ሥራ በገባ በሳምንቱ ነገሩን ሁሉ የለመደው፣ ሁሉም በዚህች ተረት ይመሰገናሉ። ምስጋና ሆና እስከተነገረች ድረስ ማንንም አትጎዳም። እንግሊዝ አገር ልጆቻቸውን ለዩኒቨርሲቲ የሚያደርሱ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ግን ተረቷን በሌላ መልኳ ያገኟታል። እዚያ ምጣድ አይቶ ስለ እንጀራው መፍረድ በቅጽ የሚሞላ አሠራር ነው።

ተማሪው 16 ዓመት ገደማ ሲሆነው የጂሲኤስኢ ፈተናውን ጨርሶ ሲክስዝ ፎርም ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ትምህርት መርጦ ለሁለት ዓመት ኤ ሌቭል ያጠናል። ወሳኙ ፈተና በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ፣ በሜይና በጁን ነው፤ ውጤቱም በኦገስት ይወጣል። የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻው ግን ዩካስ በተባለው ተቋም በኩል ከፈተናው ብዙ ወራት ቀድሞ ይላካል፤ ለኦክስፎርድ፣ ለካምብሪጅና ለሕክምና ትምህርት በኦክቶበር አጋማሽ፣ ለአብዛኞቹ ሌሎች ደግሞ በጃንዋሪ። ስለዚህ መምህራኑ ገና ያልተፈተነውን ተማሪ ውጤት ገምተው ይጽፋሉ። ቀድሞ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ኤኤስ የሚባል ፈተና ስለነበር ግምቱ የሚደገፍበት ማስረጃ ነበረው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በተደረገው ለውጥ ይህ ፈተና ከመጨረሻው ውጤት ተነጠለ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዉት።

ጭንቀቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ልጁ አንድ ኤ ስታርና ሁለት ኤ የሚጠይቅ ትምህርት ክፍል ተመኝቷል። መምህሩ የአንደኛውን ዓመት ፈተና፣ ያልተመለሰውን የቤት ሥራና የጂሲኤስኢውን ውጤት አገናዝበው አንድ ኤና ሁለት ቢ ይጽፋሉ። ልጁ “ከበጋው ዕረፍት ወዲህ ጠንክሬአለሁ” ይላል፤ መምህሩ “እስካሁን ያየሁት ይህን ነው” ይላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ማመልከቻው የደረሰው ዩኒቨርሲቲ ግን የሚያነበው የመምህሩን ግምት ነው፤ ልጁ ሳይፈተን በሩ ሊዘጋበት ይችላል።

ለመምህራኑ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደኗ ተመራማሪ ጊል ዋይነስ በ2016 ባወጣችው ጥናት ከአመልካቾቹ ውስጥ ግምትና ውጤታቸው በትክክል የገጠመው 16 በመቶ ብቻ ነበሩ። 75 በመቶዎቹ ካመጡት በላይ ተገምቶላቸዋል። መምህሩ በአመዛኙ ለልጁ የሚያደላ ገማች ነው ማለት ነው፤ ጨካኝ መምህር ብዙ ጊዜ የተማሪ ቅሬታ የፈጠረው ሰው ነው። ካመጡት በታች የተገመተላቸው 9 በመቶ ናቸው።

ነገር ግን እነዚያ ዘጠኞች እነማን ናቸው? ጥናቱ ከፍተኛ ውጤት ያመጡትን ተማሪዎች ለይቶ ሲያይ፣ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ከመጡት 24 በመቶ፣ ከከፍተኛ ገቢ ቤተሰብ ከመጡት ደግሞ 20 በመቶ ከሚገባቸው በታች ተገምቶላቸው ነበር። ልዩነቱ አገር የሚያናውጥ አይደለም። ዞሮ ዞሮ የሚጎዳው ግን ጎበዙና ደሃው ነው።

እዚህ ላይ የአበሻ ቤት የራሱ ጣጣ አለው። የእንግሊዙን ሥርዓት ጠንቅቆ የሚያውቅ ወላጅ ለትምህርት ቤቱ ይጽፋል፤ ግምቱ በምን ላይ እንደተመሠረተ ይጠይቃል፤ ልጁ እንደገና እንዲፈተን ይለምናል። በየኔታ ፊት ቀና ብሎ መናገር እንደ ድፍረት በሚቆጠርበት ባህል ያደገ ወላጅ ግን መምህር ካለ አለ ነው፤ አመስግኖ ወጥቶ ልጁን ይገሥጻል። ደግሞም እሱ የሚያውቀው የኢትዮጵያን 12ኛ ክፍል ፈተና ነው። እዚያ ዩኒቨርሲቲ የሚመደቡት ውጤት ከወጣ በኋላ ስለሆነ፣ በግምት መግባትና በግምት መቅረት የሚባል ነገር አልለመደም።

እንግዲህ ወደ ተረቷ። እንጀራ የሚጋግር ሰው እንደሚያውቀው፣ ምጣዱ በጎመን ዘር ታስሶ፣ ሊጡ ከዳር ወደ መሃል እየተዞረ ፈስሶ፣ ዓይን ሲያወጣና አክንባሎው ሲደፋበት የእንጀራው ነገር በእርግጥ ይለያል። ተረቷ እስከዚህ ልክ ናት። የመጀመሪያው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ዓይን አያወጣም፤ አንዳንዴም ይጣበቃል። ጥፋቱ ገና በደንብ ያልጋለው ምጣድ ነው። ለዚያ ብላ ቡሆውን የምትደፋ ባልትና አዋቂ አልታየችም።

ከዚህም በላይ ተረቷ ያልተናገረችውን እያናገርናት ነው። ያለችው የሚያጠግበው እንጀራ ቀድሞ ይታወቃል ነው። ቀድሞ ያልታወቀው አያጠግብም አላለችም። ለማመስገን የተሠራችውን ተረት ሰው ገልብጦ ለመከልከል ይጠቀምባታል፤ “ይኼ ልጅ ጎበዝ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ያስታውቅ ነበር” ሲል ጥበብ የተናገረ ይመስለዋል።

ምጣድ አይቶ መፍረድ የት እንደሚያደርስ እንግሊዝ አገር በ2020 በገሃድ ታየ። በኮሮና ምክንያት ፈተናው ተሰረዘ። መምህራን ለእያንዳንዱ ተማሪ ውጤት ገምተው፣ ተማሪዎቻቸውንም ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ደረጃ አውጥተው ላኩ። የፈተና ተቆጣጣሪው ኦፍኳል ግምቱ እንዳይጋነን ሰግቶ ውጤቱን በአልጎሪዝም አረመው። አልጎሪዝሙ ትልቁን ክብደት የሰጠው ለትምህርት ቤቱ ያለፉት ዓመታት ውጤት ነበር። ቀደምቶቹ ኤ ስታር ካላመጡ፣ የዘንድሮዋ ልጅ ምንም ብትጎብዝ ወደ ቀደምቶቿ ተጎተተች። በጣም ጥቂት ተማሪ ባለባቸው ክፍሎች የመምህሩ ግምት ይበልጥ ስለሚታመን፣ እንዲህ ያሉ ክፍሎች የሚበዙባቸው የግል ትምህርት ቤቶች ተጠቀሙ።

ኦገስት 13 ውጤቱ ሲወጣ 40 በመቶ ገደማ የሚሆነው መምህራኑ ከሰጡት ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከተጎዱት መካከል አንዲት የማንችስተር አካባቢ ተማሪ ነበረች። ከዓመት በፊት፣ ተማሪዎችን በመደብ እየለየ ስለሚመድብ አልጎሪዝም በጻፈችው ልብ ወለድ የወጣቶች ሽልማት አግኝታ ነበር። አሁን የራሷ የእንግሊዝኛ ውጤት ከኤ ወደ ቢ ወረደ፤ በጻፍኩት ታሪክ ውስጥ ገባሁ ብላ ለጋዜጠኞች ተናገረች። ተማሪዎች ለንደን በትምህርት ሚኒስቴሩ ደጃፍ ተሰልፈው ጮኹ። በአራተኛው ቀን መንግሥት አልጎሪዝሙን ትቶ ወደ መምህራኑ ግምት ተመለሰ። ሲጠረጠር የኖረው የመምህር ግምት በዚያ ሳምንት የብዙ ልጆች መዳኛ ሆነ፤ ልጁን የሚያውቅ ሰው ሊሳሳት ቢችልም ልጁን ጨርሶ ከማያውቅ ስሌት ይሻላል።

ይህ ማለት ምጣዱ ምንም አይመሰክርም ማለት አይደለም። በኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ሲወድቅ መምህሩ፣ መጽሐፉና ቤተ ሙከራው ይጠየቃሉ። ምስክርነቱ ስለ ምጣዱ ነው፤ በእያንዳንዱ ልጅ ላይ ሲነበብ ፍርደ ገምድል ይሆናል።

በዚህ ርዕስ ሁሌ የሚነሳው ሰው ጆን ገርደን ነው። በ1949 ኢተን ትምህርት ቤት ሳለ መምህሩ ሳይንቲስት የመሆን ሐሳቡ አስቂኝ ነው ብለው ጻፉበት፤ በ2012 በሕክምና የኖቤል ሽልማት አገኘ። ሽልማቱን ያስገኘለት ሥራ ራሱ ተረቷን ይሞግታል፤ ገርደን የሥራ ድርሻው አስቀድሞ የተለየ የአንጀት ሴል ኒውክለስ ከእንቁራሪት ጫጩት ተወስዶ ወደ እንቁላል ሲዛወር ሕይወትን ከመነሻው መጀመር እንደሚችል አሳየ። ይሁንና በዚህ ታሪክ ብቻ ልጅን ማጽናናት አይበቃም። ገርደን ያመለጠውን ባዮሎጂ እንዲያካክስ ቤተሰቡ የግል አስጠኚ ቀጥሮለታል። ምሽት ታክሲ የሚነዳ አባት ለልጁ ይህን ማድረግ ይከብደዋል።

የእንግሊዝ መንግሥት በ2021 የዩኒቨርሲቲ ቅበላው ከውጤት በኋላ ይሁን የሚል ምክክር ከፍቶ ነበር፤ በ2022 ተወው። ስለዚህ በታች የተገመተለት ልጅ ያሉት መንገዶች የታወቁ ናቸው። ውጤቱ ከግምቱ በልጦ ከወጣ በኦገስት የያዘውን ቦታ ትቶ ክሊሪንግ በሚባለው ክፍት ቦታ መፈለግ ይችላል፤ ወይም አንድ ዓመት ቆይቶ ግምት ሳይሆን የተረጋገጠ ውጤት ይዞ ዳግም ያመለክታል። ሁለቱም ዋጋ አላቸው፤ በክሊሪንግ ብዙ ተፈላጊ ትምህርት ክፍሎች ሞልተው ይቆያሉ፤ ዓመት መጠበቅም ከጓደኛ ያስቀራል። ርካሹ መንገድ ቀድሞ መጠየቅ ነው። ግምቱ በአብዛኛው የሚቆረጠው ከመጀመሪያው ዓመት ፈተና እስከ መስከረም ባሉት ወራት ስለሆነ፣ ወላጅ ያኔ ትምህርት ቤት ሄዶ ግምቱ በየትኛው ፈተና እንደሚወሰን፣ ልጁ ከዕረፍት መልስ እንደገና የሚፈተንበት ዕድል መኖሩንና ምን ቢያሳይ ግምቱ ከፍ እንደሚል መጠየቅ ይችላል። መምህሩን መድፈር እንዳልሆነ ለአባትየው የሚያስረዳው ብዙ ጊዜ ልጁ ራሱ ነው።